ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ

ሙያዬ ኖራ ነው፤ የግድግዳ ሐኪም ነኝ፤
ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ሊዝበን ቢልኩኝ፣
ቀኑን ስንጥቅ ስለካ፣ ስመዘግብ በሚሊሜትር፣
ማታ ረሃብ ይዞኝ ይዞራል በማላውቀው ሰፈር።

ማርቲም ሞኒዝ፣ ምድር ቤት፣ የቻይኖቹ ገበያ፤
ሰው እንደ ጆንያ ይገፋል፣ ሰው ይመስላል ጆንያ፤
የደረቀ እንጉዳይ፣ የጨው ዓሣ፣ የሎተስ ሥር ተቆርጦ፣
ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ልክ እንደ ብሎኬት ተደርድሮ ተቀምጦ፤
«ይሄ ስንት ኪሎ ይሸከማል?» ብዬ በምልክት ብጠይቅ
ባለሱቁ ሚዛን ላይ ጣለው፤ የቀረው መልስ ሣቅ።
አልገዛሁም። የት ላበስለው? ሆቴሌ ያለው ማንቆርቆሪያ ብቻ ነው።

አሠልጣኛችን ዱዋርቴ በብጣሽ ወረቀት ጽፎልኛል፦
«ቤንፎርሞዞ መንገድ። ስም የለው፣ ፋኖስ የለው፣
ፈቃድም ያለው አይመስለኝም፤
ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። በሩን ግፋው፣ አይቆለፍም።»

ደረጃው ጥድ ነው፤ መሐል መሐሉ ጎድጉዷል እንደ ማንኪያ፣
የስንቱ ጫማ ልሶታል፣ ለመውጪያ ለመግቢያ።
ግድግዳው ሆዱን ነፍቷል፤ በጥፍሬ ጫር ባደርገው
እንደ በሶ ረገፈ። አቤት የኔ ነገር፣
ራት ፍለጋ ወጥቼ በሽተኛ መመርመር!
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሕፃን፣ ሦስተኛው ላይ ነጭ ሽንኩርት
ዘይት ውስጥ ገብቶ ጮኸ፤ ሆዴም መለሰለት።

የሰው ሳሎን ነው። አራት ጠረጴዛ፣ ጥግ የተጠቀለለ ፍራሽ፣
ድምፁ የታፈነ ቴሌቪዥን፣
ከበርበሬው ዕቃ አጠገብ የልጅ የሒሳብ ደብተር።
ሹዌፌን ትባላለች፤ ስሟን ሦስቴ አስደገመችኝ፤
አገሬ ቺንግቲየን ነው፣ ድንጋይ ይቀረጽበታል አለችኝ፤
አባቷም ጠራቢ ነበር።
በተሰባበረ ፖርቱጋልኛ አወራች፣
በተሰባበረ መለስኩ፤
ስብርባሪው ገጠመ።

«የአሳማ?» «አይ፣ ያለ ሥጋ።»
«ሙስሊም ነህ?» «አይደለም፤ ረቡዕ።»
ቆማ አሰበች። ረቡዕ የሚባል ሃይማኖት አታውቅም።
ግን ሊጧን ዘረጋች፣ እንጉዳይና ጎመን ሞላች፣
በአሥራ ስምንት እጥፋት እንደ ኮረጆ አፍ ቋጠረች፤
የመጀመሪያው ምላሴን አቃጠለኝ፤ ሁለተኛው እስኪበርድ አልጠበቅሁም።

ከምድጃዋ ኋላ፣ ጢስ ካጠቆረው መሐል፣
ሰማያዊ በነጭ ሸክላ፣ የጥንት የፖርቱጋል፤
ወፍ፣ መርከብ፣ ዣንጥላ የያዘ ሰውዬ በድልድይ ሲሻገር።
ዱዋርቴ በጠዋቱ ትምህርት እንዲህ ብሎን ነበር፦
«ሰማያዊው ከቻይና ሳህን የተኮረጀ ነው፤
ሠዓሊዎቻችን አገሩን ሳያዩ፣ በወሬ ነው የሣሉት።»
«አገርሽ ነው?» አልኳት። ጭልፋዋ ተንጠልጥላ ቀረች፤
ገና ዛሬ እንዳገኘችው ሁሉ ትክ ብላ አየች።
«አይደለም» አለች ቆይታ። «ይሄ ድልድይ አይቆምም፤
አባቴ ቢያየው ለሳምንት ሣቁን አያቆምም።»

አንዷ ሸክላ ወድቃ፣ ቦታዋን በሲሚንቶ ደፍነውታል።
ሲሚንቶ! ግድግዳው ዕርጥበቱን በየት በኩል ይተንፍሰው?
«ማን ነው?» «አከራዩ።» ትከሻዋን ሰበቀች።
«በመጋቢት ሊያስወጣን ነው፤ ሆቴል ሊያደርገው።»

ልተወው ነበር። ግን እጄ እንቅልፍ አጣ።
በማግስቱ በባዶ የእርጎ ኩባያ ኖራ ይዤ መጣሁ፣
በሾርባ ማንኪያዋ ሲሚንቶውን ፈልፍዬ አወጣሁ፣
ሁለቴ ለሰንኩ፣ በመዳፌ አስተኛሁት።
ልጁ ከሒሳቡ ቀና ብሎ፣ «ልንለቅ አይደል? ታዲያ ለምን?» አለኝ።
«ኖራ አይቸኩልም» አልኩት። ሌላ መልስ አጣሁለት።
እስኪደርቅ ወር ይፈጃል፤ እኔ የምሄደው ቅዳሜ ነው።

ሹዌፌን ሊጧን ዘርግታ ቢላዋዋን አነሳች፦
«ዛሬስ?» አለች።
«ሐሙስ» አልኳት።
ሥጋውን ከማቀዝቀዣ አወጣች።